ከአጎቱ ፊት የሚቆመው ሰው

የቢሮዬን ቁልፍ ያስረከብኳት ልጅ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ጥቁሩን ደብተር አነሳችና «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ። ገለጥ ገለጥ አድርጋ አንዱን መስመር ጮክ ብላ አነበበች፤ «‹ዘማቾች ሲመጡ ውሃ ትቀዳ ነበር ወይስ እንጨት ትሸከም ነበር?›» ከዚያ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም። አሁን የልደት ምስክር ወረቀት አለ፣ ኮምፒውተር አለ። ሰው ዕድሜውን አይጠየቅም፤ ወረቀቱ ይነበባል። ደብተሩን ተቀብያት ከግል ዕቃዬ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተትኩት።

አርባ ምንጭ ውስጥ ለጥበቃ ሠራተኞች ፈቃድ የሚቀርበውን ሰነድ ስመረምር ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ሥራው ለሚሰማው ሰው ደረቅ ነው። ሆቴል፣ መጋዘን፣ ትምህርት ቤት የሚጠብቅ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ እኔ ጋ ሁለት ነገር ይጣራል፤ ነኝ ያለውን ሰው መሆኑና ዕድሜው። ከአሥራ ስምንት በታች አይሆንም፤ በእኛ ጊዜ ደግሞ ሃምሳ አምስት የሞላው አዲስ ፈቃድ አያገኝም ነበር። ዋሱንና የጤና ወረቀቱን የሚያዩ ሌሎች ነበሩ። የእኔ ጠረጴዛ ድርሻ ሁለቱ ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ቀላል ይመስላሉ። ከደጋ ወርዶ የሚመጣው ሰው ግን አብዛኛው የተወለደበት ቀን የተጻፈበት አንድም ወረቀት አልነበረውም። ስሙም ቤት ውስጥ አንድ ነው፣ ትምህርት ቤት ሌላ፣ ሲጠመቅ ደግሞ ሦስተኛ። ደመወዙ የሚወራለት ስላልሆነ አላወራውም።

ስለ ራሴም ብዙ አልልም። አባቴ ከሸዋ ለመንገድ ሥራ መጥቶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የቀረ ሰው ነው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። እናቴ ቶሎ ስለሞተች ታናናሾቼን ሳሳድግ ቆየሁና የማታ ትምህርት የጀመርኩት ሙሉ ሴት ሆኜ ነው። አንደኛ ክፍል ልመዘገብ ስሄድ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝና «አሥራ ሰባት ልበልሽ?» አለኝ። «ይበሉኝ» አልኩ። ጡረታ የወጣሁት በዚያ ቁጥር ነው። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይመስለኛል፣ በፊደልና በቁጥር ላይ ጨካኝ ነበርኩ። የአባት ስም በአንድ ፊደል ተለውጦ ካየሁ ማመልከቻ እመልሳለሁ። ባልደረቦቼ ምሳ ሲወጡ መጽሐፍ ይዤ እቀራለሁ። ከኋላዬ «መነኩሲቷ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልከፋኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ዳንኤል ናቸው። የዶርዜ ሰው ነበሩ፣ የሸማኔ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ባለጉዳይ ሲገባ ከጠረጴዛው ኋላ ተነስተው ወንበራቸውን እጎኑ ያመጡ ነበር። ጠረጴዛ በመሃል ካለ ሰው የሚናገረው ለጠረጴዛው ነው ይሉ ነበር። ውሃ ያስመጡለታል። ስለ አገሩ ዝናብ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ መንገዱ ያወራሉ። እኔ ከውጭ ያለውን ሰልፍ እያየሁ እቁነጠነጣለሁ።

«ዓመት አትጠይቂ፣ ልጄ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «ዓመት ከጠየቅሽው ወረቀቱ የሚፈልገውን ይነግርሻል። ሥራ ጠይቂው። ንጉሡ ሲወርዱ ምን ይሸከም ነበር? ማንን ያዝል ነበር? እሱንስ ማን ያዝለው ነበር?»

ጥቁሩን ደብተር ያስጀመሩኝ እሳቸው ናቸው። ለየወረዳው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰውን ነገር እየጠየቅን እንጽፍበታለን፤ መንገድ የገባበትን፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበትን፣ ውርጭ እህሉን የጨረሰበትን ዓመት። አንድን ነገር ከሁለት ሰው ካልሰማን አንጽፍም። ጋሼ ዳንኤል ይህን ሁሉ ጠይቀው እንኳ ዕድሜን በአንድ ቁጥር አይጽፉም ነበር። «ከአርባ አምስት እስከ አርባ ስምንት» ይላሉ። እኔን ይህ ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ሰው የሟች ወንድሙን መታወቂያ ይዞ መጣ። ፎቶው ይመስለዋል፣ የአባት ስሙ ያው ነው፣ ዕድሜውም ይሆናል። እኔ ጨርሼ ወደ ሚቀጥለው መስኮት ልሸኘው ነበር። ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ጋሼ ዳንኤል ቀስ ብለው «ታደሰ» ብለው ተጣሩ፤ መታወቂያው ላይ ያለው ስም ነው። ዝም ብሎ ሄደ። «ጴጥሮስ» አሉ ደግሞ፤ ቀደም ሲል ስለ ቤተሰቡ ሲያወራቸው ወንድሜ ብሎ የጠራው ስም ነው። ዞረ።

«ና ተመለስ ጴጥሮስ፣ ተቀመጥ። ስለ ወንድምህ እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ሰውየው አለቀሰ። ጋሼ ዳንኤል መታወቂያውን መሳቢያ ውስጥ ከተው በራሱ ስም እንዴት እንደሚያመለክት ነገሩት። ሲወጣ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ በሁለቱም ስም ባይዞር ኖሮስ?»

«ጆሮው አይሰማም ብዬ ጤና ጣቢያ እልከው ነበር» አሉኝ።

«ውሸት» የሚለውን ቃል በሰው ማኅደር ላይ ሲጽፉ አንድ ቀን አላየሁም። ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ቆይቶ ጡረታ ወጡ፤ በዓመቱ ሞቱ። ጠረጴዛው የእኔ ሆነ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ኦይቻ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው የካቲት ነው። የካምባ ሰው ነው፤ ጫሞ ዳር የዓሣ ነጋዴዎች በረዶ የሚያስቀምጡበትን ቤት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። ሚስቱን ይዞ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ይኖር ነበር። ያለ ፈቃድ ማንም አይጠብቅ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ አሠሪው ወረቀት አምጣ አለው። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ ነህ ወረቀት የምታየው?»

«እኔ ነኝ። አንቺ በል።»

«እሺ፣ አንቺ ነህ» አለ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከፊት ሦስት ጥርሱ የለም።

ሁለት ወረቀት ነበረው። የካምባ መታወቂያው ሃምሳ ይላል፤ የክሊኒክ ካርዱ ስድሳ።

«ይሄ ስድሳ ከየት መጣ?»

«ካርድ የሚጽፈው ልጅ አልጠየቀኝም። ጥርሴን አየና ጻፈ።»

ሁለት ወረቀት ሲጋጭ ከአገሩ ሦስት ሽማግሌ ይመሰክራል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ምስክሮቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ አንዱ ያለውን ሌላው አይሰማም፤ ለአመልካቹም አይነገርም። ሦስቱ ከካምባ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ የኦይቻ አባት ታናሽ ወንድም፣ መምህር ጌታሁን ነበሩ። የእሳቸው ዕድሜ በቅጥር ማኅደራቸው ላይ በማኅተም የተረጋገጠ ነው፤ ሃምሳ ስምንት። ደስ አለኝ። የኦይቻን ዕድሜ የምለካበት የታወቀ ሰው አገኘሁ አልኩ።

እንደተማርኩት ዓመት አልጠየቅኩም። ሥራ ጠየቅኩ።

«ቤተሰባችሁ ሲሰበሰብ ማነው የሚመርቀው?»

«ኦይቻ ነው» አሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ በየተራቸው፣ በአስተርጓሚ።

«እርድ ሲኖር የበሬውን ጀርባ ቀድሞ የሚነካውስ?»

«ኦይቻ።»

መምህር ጌታሁን በአማርኛ መለሱልኝ፤ መልሱ ያው ነበር። «እርስዎስ ያኔ የት ነዎት?» አልኳቸው።

«ከኋላው ነኛ! እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሥጋውን አልበላም። ቦታዬን ግን አውቃለሁ» አሉና ሳቁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባቱ ካረፈ ጀምሮ።»

ሦስት ምስክር፣ አንድ ቃል። እንዲህ የሚገጥም ምስክርነት አጋጥሞኝ አያውቅም። የሃምሳ ስምንት ዓመቱን ሰው የሚመርቅ፣ እሳቸው ከኋላው የሚቆሙለት ሰው ከሃምሳ ስምንት ማነስ አይችልም አልኩ። የክሊኒኩ ስድሳም ገጠመልኝ። ኦይቻን አስጠራሁት።

«አንተ ከመምህር ጌታሁን ትበልጣለህ።»

«እኔ?» አለ። ቀልድ መስሎት ነበር። «ጌታሁን እኮ አዝሎኛል። ጀርባው ላይ ነው ያደግኩት!»

«ሽማግሌዎችህ እንደዚያ አላሉም።»

«ምን አሉ?»

«የምስክር ቃል አይነገርም።»

«እንግዲህ ጠይቃቸው፤ ማን ማንን አዘለ ብለህ።»

«ጠይቄያለሁ» አልኩት። አልጠየቅኩም ነበር። ጋሼ ዳንኤል ሲፈልጉ የኖሩት ዓይነት መልስ፣ ማን ማንን እንዳዘለ፣ ሳልጠይቀው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን ማኅደሩን ስበት ጥርት ባለ ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «አመልካቹ ዕድሜያቸውን ለመቀነስ ሐሰተኛ መረጃ አቅርበዋል።» አንድ ግልባጭ ለአሠሪው፣ አንድ ግልባጭ ለተወለደበት ቀበሌ።

በዚያው ሳምንት ከሥራውም ከክፍሉም ወጣ። ከመሄዱ በፊት አንዴ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«ፈቃዱን ተወው» አለኝ። «ያንን ቃል ብቻ አውጣልኝ። አገሬ ሄዷል።»

«ማኅደሩ ተዘግቷል» አልኩት። ቀጣዩን ጠራሁ።

ሦስት ዓመት አለፈ። በአንድ ሚያዝያ የሌላ አመልካች ጉዳይ ለማጣራት ካምባ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። መኪና እስኪሞላ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ሳነብ ከበላይ ካለው ሜዳ ድምፅ ሰማሁ፤ ለቅሶ ሊያበቃ ሰው ተሰብስቧል። ከመሃል የቆመው ሃያ አምስት እንኳ የማይሞላ ወጣት ነው፣ ጢሙ ገና ያልሞላ። እሱ እየመረቀ ነው። ሽበታቸው የነጣ፣ ምርኩዝ የያዙ ሰዎች ከፊቱ አንገታቸውን ደፍተው መዳፋቸውን ዘርግተዋል።

«ይሄ ልጅ ማነው?» አልኳት ሻይ የምትሸጠውን ሴት።

«የቤቱ ታላቅ ነዋ።»

«እንዴት? ሽማግሌዎች አሉ አይደል?»

«እነሱ የአባቱ ታናናሾች ናቸው። አባቱ የበኩር ልጅ ነበር፤ ሲሞት ቦታው ለበኩር ልጁ ነው። ልጅነቱ ምን ያደርጋል?» ብርጭቆ እያጠበች አየት አደረገችኝ። «ከየት ነው የመጣሽው አንቺ?»

ከአርባ ምንጭ አልኳት። ከዚያ በላይ ምን እላለሁ? እዚህ አገር ተወልጄ፣ እዚህ አገር አርጅቼ፣ የዚህን አገር ሰው ዕድሜ ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ። ጋሼ ዳንኤል ይህን ለምን አልነገሩኝም ብዬ ለጥቂት ጊዜ ተቀየምኳቸው። በኋላ ገባኝ፤ ሳይነግሩት የሚያውቀውን ነገር ሰው አስተምራለሁ ብሎ አያስብም። እሳቸው ቢሆኑ ሽማግሌዎቹ ሲመልሱ ገና ይስቁ ነበር።

ሻዩን ትቼ የመምህር ጌታሁንን ቤት ጠየቅኩ። ጡረታ ወጥተዋል። አወቁኝ፤ ግቢ ግን አላሉኝም። በሩ ላይ ቆሜ ያየሁትን ነገርኳቸው።

«እኛን ዕድሜውን ብትጠይቂን እንነግርሽ ነበር» አሉኝ። «ሰባት ዓመት ከምናምን እበልጠዋለሁ። ኅዳር ውስጥ ገብስ ሲታጨድ ነው የተወለደው፤ አንደኛ ክፍል የገባሁት እሱ ጡት በጣለ ዓመት ነው። የጠየቅሽን ግን ማን ይመርቃል ብለሽ ነው።»

«አሁንም ይመርቃል?»

«የለም።» ድምፃቸው ወረደ። «ደብዳቤሽ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነበበ። እኛ አላመንንም። እሱ ግን ሐሰተኛ የተባለ አፍ አይመርቅም ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። እምቢ አለን። እኔ ደግሞ ቦታውን መውሰድ አልችልም፤ እሱ በሕይወት እያለ የሌላ ሰው አይሆንም። ሦስት ዓመት ቤታችን ያለ መራቂ ነው። ልጅ ስንድር፣ ሰው ስንቀብር ዝም ብለን እንበተናለን።»

በማግስቱ የማስተካከያ ደብዳቤ አርቅቄ ለኃላፊያችን ለአቶ ብርሃኑ አቀረብኩ። ከእኔ በብዙ የሚያንስ፣ ጨዋ፣ ፈሪ ሰው ነበር።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ይሄንን ከከፈትን ስንቱን ልንከፍት ነው?»

«የተሳሳትኩትን ሁሉ።»

«መጽሐፍ አበዙ እርስዎ» አለና ወረቀቱን ከክምሩ ሥር ከተተው።

በየወሩ አወጣዋለሁ፤ ከላይ አስቀምጠዋለሁ። በየወሩ ወደ ሥር ይወርዳል። በመሃሉ ብቻዬን የቆዩ ማኅደሮችን አገላበጥኩ፤ በዚያው ሚዛን መዝኜ የጣልኳቸውን ሌሎች ሁለት ሰዎች አገኘሁ። ሁለቱም ሞተዋል። ዓመቱ አለፈ፤ ሌላው ዓመት ገባ። ቆጣሪ ነኝና ኦይቻ ሃምሳ አምስት የሚሞላበት ኅዳር ሲቃረብ አወቅኩት። ጥቅምት ላይ አቶ ብርሃኑ ቢሮ ገብቼ «ይህ ሰው በሚመጣው ወር ጣሪያውን ያልፋል» አልኩት። «እንግዲያው ምን ያስቸኩላል?» አለኝ። ያመለከተበት ቀን ይታይለት ብዬ ለመንኩት። ፈቃድ የሚሰጠው ዛሬ ባለው ዕድሜ ነው አለኝ። ደንቡን እኔም አውቀው ነበር።

ጥር ላይ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ጠረጴዛውን ሲያጸዳ ፈረመልኝ። አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ በጠዋቱ አይሱዙ ካምባ ወጣሁ።

መምህር ጌታሁን ኦይቻ ቤት ወሰዱኝ። ከስቷል። ያኔ የመሰከሩት ሁለት ሽማግሌዎችም መጥተው ነበር። ኦይቻ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። መምህር ጌታሁን ደብዳቤውን እየተረጎሙ አነበቡት፤ «ቀደም ሲል የተሰጠው ውሳኔ በድጋሚ በተደረገ ማጣራት ተስተካክሏል። ሆኖም አመልካቹ በአሁኑ ወቅት የዕድሜ ጣሪያውን ያለፉ በመሆኑ ፈቃድ ሊሰጣቸው አይችልም።» ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለተኛውን አቶ ብርሃኑ ካላስገባሁ አልፈርምም ብሎኝ።

«ማን ነው ያጠፋው?» አለ ኦይቻ። «አልተጻፈም?»

«አልተጻፈም» አሉ አጎቱ።

«ውሸታም ሲለኝ ስሜ ነበረበት። አሁን የማንም ስም የለበትም። ዝናብ ነው ያበላሸው?»

ወረቀቱን ከመምህር ጌታሁን እጅ ወሰድኩና ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከማኅተሙ ሥር መጻፍ ጀመርኩ።

«እትዬ!» አሉኝ ደንግጠው። «ማኅተም ያረፈበት ላይ ከተጻፈበት እኮ ይበላሻል። የትም ቢሮ አይቀበለውም።»

«ይበላሽ» አልኩ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሽማግሌዎቹ እውነት ተናግረዋል። ኦይቻም እውነት ተናግሯል። ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ የጻፍኩ እኔ ነኝ።» ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። መምህር ጌታሁን አነበቡት። አንደኛው ሽማግሌ በጋሞኛ አንድ ነገር አሉ።

«በአፏም ትበለው ነው የሚሉት።»

ተነሳሁ። ያለችኝን ጥቂት ጋሞኛ ይዤ ያንኑ ደገምኩት። ድምፄ ድሮም ትንሽ ነው። «አጠፋሁ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አበላሸኋት፤ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላረመኝም። ስጨርስ ኦይቻ ከግድግዳው ሥር ተነሳና ወረቀቱን ተቀብሎ ለአራት አጠፈው።

«ፈቃዱ እንግዲህ አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«ስንት ሆነኝ?»

«ሃምሳ አምስት ከሁለት ወር።»

ለራሱ በጣቱ ቆጠረ። «ልክ ነው» አለ። «ጥቅምት ላይ መጥተህ ቢሆን ይደርስልኝ ነበር።»

«ይደርስልህ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ዶማውን አነሳና ወደ እንሰቱ ሊወጣ ተራመደ። ለቤቱ ታላቅ እንደሚደረገው፣ እሱ ቀድሞ በሩን እስኪያልፍ ድረስ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት አልተነሱም።